«የሞቅታ ስልክ» ለኢንሳይክሎፒዲያ ይበቃል ወይ? ጎንደር ላይ የገጠመ አንድ ጉዳይ

ጉዳዩ

ጎንደር ውስጥ ለአማርኛ ውክፔዲያ፣ ማንም ሰው ሊጽፍበት ለሚችለው የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ፣ የሚጽፍ ትንሽ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን አለ። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። አንድ ጡረታ የቀረባቸው የአማርኛ መምህር፣ አንዲት ነርስ እና አንዲት የሒሳብ ሠራተኛም አሉበት። ሒሳብ ሠራተኛዋ አስተባባሪ ናት። እኔ ረቂቅ አነባለሁ፣ ፊደል አቃናለሁ፣ ስብሰባ ሲኖር ማስታወሻ እይዛለሁ።

አንድ ቅዳሜ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ «የሞቅታ ስልክ» የሚል ረቂቅ ይዞ መጣ። ሰው ከጠጣ በኋላ ባይጠጣ ኖሮ ለማይደውልለት ሰው ሲደውል ጓደኞቹ ነገሩን በዚህ ስም ይጠሩታል። «ድራንክ ኮል» የሚሉም አሉ። ረቂቁ ተነበበ፣ ተሳቀ፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ተነሳ። ጭቅጭቁም ለሳምንታት ቆየ።

ጉዳዩን የምመዘግበው ርእሱ ከባድ ስለሆነ አይደለም። ቀላል በመሆኑ ነው። ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲጻፍ «ይገባዋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንዲህ ያለ ቀልድ የመሰለ ርእስ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ሰው ኢንሳይክሎፒዲያን ምን አድርጎ እንደሚያስብ ይወጣል።

ዳራ

የአማርኛ ውክፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች አሉት። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። ከአማርኛዎቹ ብዙዎቹ ከአንድ ወይም ከሁለት መስመር አያልፉም። ዘወትር የሚሠሩት ሰዎችም ጥቂት ናቸው። ይህ ለጉዳያችን ትልቅ ትርጉም አለው። እንግሊዝኛው ላይ አጠራጣሪ ጽሑፍ ቢወጣ ብዙ ሳይቆይ አንድ ሰው ምልክት ያደርግበታል፣ ይሰረዝ አይሰረዝ ተብሎ ክርክር ይከፈታል። አማርኛው ላይ ግን ማንም ሳያየው ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ቡድኑ የራሱን ልማድ አበጀ። ማንኛውም ረቂቅ ከጸሐፊው ውጭ ሁለት ሰው ሳያነበው አይወጣም።

ስብሰባው አንድ ቤተ መጻሕፍት በሚያውሰን ክፍል ነው የሚካሄደው። መብራት ከጠፋ ወደ ፒያሳ ወርደን አንድ ካፌ ውስጥ በሞባይል ዳታ እንቀጥላለን። የሞቅታ ስልክ ክርክር በአብዛኛው የተካሄደው እዚያ ነው። አስተናጋጆቹም የየራሳቸውን ሐሳብ ሰጥተዋል፤ ማስታወሻዬ ውስጥ ግን አላስገባሁትም።

ስለ ስልኩም አንድ ነገር ልበል። ስልክ በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገባ፤ የኢትዮጵያ ቴሌኮም ታሪክ የሚቆጠረው ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ሞባይል አገልግሎት የጀመረው ግን በ1999 እ.ኤ.አ.፣ ያውም በአዲስ አበባ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ስልክ ያለው ቤት ስልኩን ሳሎን ላይ ያስቀምጥ ነበር። በእኩለ ሌሊት ቢደወል የሚያነሱት የልጅቷ አባት ናቸው። የደዋዩ አባትም ከጎን ክፍል ተኝተው ይሰማሉ። ቁጥሩንም በቃል ማስታወስ ያስፈልጋል። ዛሬ ስልኩ ኪስ ውስጥ ነው፣ ቁጥሩም በስም ተመዝግቧል፣ አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። ረቂቁን ያመጣው ልጅ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጦት ነበር። ከጽሑፉ ሁሉ ጥሩው ክፍል ይመስለኛል።

ረቂቁ ምን ይመስል ነበር?

ሦስት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው ነገሩ ምን እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው፣ ረጅሙ፣ ስለ ጎንደር ነው። ከጠጅ ቤት ወይም ከአዝማሪ ቤት ወጥቶ ወደ ቤት የሚሄድ ልጅ ለማን እንደሚደውል በዓይነት በዓይነቱ ተዘርዝሯል። ለቀድሞ ፍቅረኛ የሚደውለው «ተኝተሻል እንዴ? ምንም አልፈልግም፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» ይላል። ለአለቃው የሚደውለው ስለ ደመወዝ ያነሳል። ገጠር ላለች እናቱ የሚደውለው ያለቅሳል፤ እናትየዋ ደግሞ ሰው የሞተ መስሏት ትደነግጣለች። ጠዋት ላይ የተደወለበትን ዝርዝር አይቶ «በስህተት ነው የደወልኩት» የሚል መልእክት መላክም አለ። ሦስተኛው ክፍል ምክር ነበር፤ ለመጠጣት ከመውጣትህ በፊት ስልክህን ለጓደኛህ ስጥ የሚል።

አንድም ምንጭ አልነበረውም። የአንድ መጠጥ ቤት ስም ተጠቅሷል። ከተማው የሚያውቀው አንድ ሰውም በስም ባይጠራም በግልጽ የሚለይበት አንድ ታሪክ ነበር። ይህ የመጨረሻው ያለ ክርክር በዚያው ቀን ወጣ። በሕይወት ስላለ ሰው ያለ ምንጭ የሚያሳፍር ነገር መጻፍ በውክፔዲያ ደንብ ቀልድ አይደለም፤ ሲገኝ ወዲያው ይነሳል። ከደንቡም በፊት ነውር ነው።

ክርክሩ

መጀመሪያ የተናገሩት መምህሩ ናቸው። «ጎንደር አርባ አራት ታቦት ያለባት ከተማ ናት። ስለ አብዛኞቹ አድባራት ረብ ያለው ገጽ አልጻፍንም። ታዲያ የሰካራም ስልክ ይቅደም?» አሉ። ልጁም «መምህር፣ እኔ እኮ ስለ አድባራት ለመጻፍ እውቀቱ የለኝም። ይህን ግን አውቀዋለሁ» ብሎ መለሰ።

የመምህሩን ክርክር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ጥያቄው ግን ሌላ ነው። «የቱ ይቅደም?» እና «ይህ ይገባዋል ወይ?» አንድ አይደሉም። በጎ ፈቃደኛ ሥራ አይታዘዝም። ልጁ የሞቅታ ስልክን ቢተወው ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚጻፍ ገጽ በዚያ ምክንያት አይወለድም። ልጁ ቤቱ ይሄዳል፣ በቃ። የወረቀት ኢንሳይክሎፒዲያ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ሐምቡርግ ላይ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ ታትሟል። እዚያ እያንዳንዱ ገጽ ገንዘብ ነው፤ ስለ አንዱ ሲጻፍ ሌላው ይቀራል። ኢንተርኔት ላይ የገጽ እጥረት የለም።

ሆኖም መምህሩ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም። የገጽ እጥረት ባይኖርም የጠባቂ እጥረት አለ። እያንዳንዱ የወጣ ጽሑፍ የሚከታተለው ዓይን ይፈልጋል። ቀልድ የሚስብ ርእስ ደግሞ ቀልደኛ ይስባል፤ የጓደኛውን ስም የሚጨምርበት አይጠፋም። ስለዚህ «ማን ይጠብቀዋል?» የሚለው ጥያቄ ከ«ማን ይቅደም?» ይልቅ ፍሬ ነበረው።

ነርሷ በሌላ በኩል ተቃወመች። «መጠጥ ላይ እየሳቅን ነው። ጠዋት ድንገተኛ ክፍል የሚመጣውን እኔ ነኝ የማየው» አለች። እንዳይጻፍ ግን አልጠየቀችም። ከተጻፈ አልኮል አንጎል ላይ ምን እንደሚሠራ አብሮ ይጻፍ አለች። ይህ ክርክር ሳይሆን ሥራ ነበር፤ ለዚህም ነው በመጨረሻ ከሁሉም በላይ የጠቀመው።

ተማሪዎቹ ከልጁ ጎን ቆሙ። አንዱ «ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር እኮ ነው፤ ምን ማስረጃ ያስፈልገዋል?» አለ። ሌላው «እንግሊዝኛው ላይ አለ» ብሎ ስልኩን አሳየን። እውነትም የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ጠጥቶ ስለመደወል ጽሑፍ አለው። ይህ ግን ነገሩን አይዘጋውም። የየቋንቋው ውክፔዲያ የራሱን ውሳኔ ይወስናል፤ አንዱ ውክፔዲያም ለሌላው ምንጭ ሊሆን አይችልም። የጠቀመን በሌላ መንገድ ነው። ግርጌው ላይ ምን እንደጠቀሱ አይተን የት መፈለግ እንዳለብን አወቅን።

አስተባባሪዋ ነገሩን ለመቋጨት እጅ አስወጣች። እኩል ለእኩል ወጣ። ቢያደላም ኖሮ የሚፈታው ነገር አልነበረም። ውክፔዲያ ራሱ ጽሑፍ ይሰረዝ አይሰረዝ ሲባል ድምፅ አይቆጥርም፤ የቀረበውን ምክንያት ነው የሚመዝነው። እጅ ማውጣቱ ያመጣው ነገር ቢኖር ሰዎቹን በሁለት ወገን መክፈል ነው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም ሐሳቡን መለወጥ አልፈለገም፤ መሸነፍ መሰለ።

መላ የመጣው አስተባባሪዋ ጥያቄውን ስትከፍለው ነው። ሒሳብ ሠራተኛ አይደለች? ወረቀት አወጣችና ሦስት ዓምድ ሠራች። አንደኛው «የሞቅታ ስልክ» የሚለው ቃል። ሁለተኛው ነገሩ ራሱ፣ ማለትም ጠጥቶ መደወል። ሦስተኛው የጎንደሩ ልማድ። «ስለ እያንዳንዳቸው ከእኛ ውጭ የጻፈ ሰው አለ ወይ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወዲያ ጭቅጭቁ ወደ ፍለጋ ተለወጠ።

ምንጭ ፍለጋ

ስለ ቃሉ የተገኘው ትንሽ ነው። የቆዩት መዝገበ ቃላት እንደማይረዱን ገና ሳንከፍታቸው ግልጽ ነበር። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ሞባይል በሕልምም አልነበረም። ልጁ ከፌስቡክና ከቲክቶክ ብዙ ምሳሌ ሰበሰበ። ሰዎች ቃሉን ይሉታል፣ ይሳሳቁበታል። እዚህ ላይ ቡድኑን ለማሳመን ጊዜ የወሰደ አንድ ልዩነት አለ። በቃል መጠቀምና ስለ ቃል መጻፍ ይለያያሉ። «ትናንት የሞቅታ ስልክ ደውዬ ተዋረድኩ» የሚል ልጥፍ ቃሉ በሰው አፍ እንዳለ ያሳያል። ቃሉ ከየት መጣ፣ እነማን ይሉታል፣ ምን ያህል ተስፋፋ ለሚለው ግን መልስ የለውም። ያንን ከልጥፎች ተነስተን እኛው ብንጽፍ ተመራማሪዎች ሆንን ማለት ነው። ውክፔዲያ ደግሞ አዲስ ምርምር የሚወጣበት ቦታ አይደለም።

ለመዝገበ ቃላት ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። መዝገበ ቃላት የሚፈልገው ማስረጃ ቃሉ ሥራ ላይ ሲውል የሚያሳይ ነው። ውክፔዲያ ዊክሽነሪ የሚባል እህት አለው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነጻ መዝገበ ቃላት ነው። የአራዳ ቃላት እዚያ ቦታ አላቸው። «ውክፔዲያ መዝገበ ቃላት አይደለም» የሚለው ደንብ ለልጁ ስድብ መስሎት ነበር። የአድራሻ ጉዳይ መሆኑን ሲረዳ ቀለለው።

ስለ ነገሩ ራሱ ከጠበቅነው በላይ ተገኘ። በ2011 እ.ኤ.አ. ሁለት የኮሙኒኬሽን ተመራማሪዎች ሰዎች ጠጥተው ለምን እንደሚደውሉ በአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ አጥንተው በአንድ የብሮድካስትና የኤሌክትሮኒክ ሚዲያ የጥናት መጽሔት አሳትመዋል። ከምክንያቶቹ መካከል የልብን መናዘዝ፣ መዝናናት እና «የት ናችሁ?» ብሎ መገናኘትን የመሰሉ ይገኙበታል። ይህን ስናነብ ልጁ «እኔ ያልኩትን ነው እኮ የሚሉት!» አለ። እውነቱን ነው፤ ከእሱ ዝርዝር ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ እነሱ አጥንተው፣ በሌሎች ተገምግመው፣ አሳትመው መገኘታቸው ነው።

ሁለተኛው የጉግል ነገር ነው። ጉግል በጥቅምት 2008 እ.ኤ.አ. ለጂሜይል «ሜይል ጎግልስ» የሚባል ሙከራ አውጥቶ ነበር። ያበራው ሰው ቅዳሜና እሁድ በውድቅት ሌሊት ኢሜይል ልላክ ሲል ቀላል የሒሳብ ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። በተወሰነ ሰከንድ መመለስ ካልቻለ መልእክቱ አይሄድም። ብዙ የዜና አውታሮች ጽፈውበታል። በኋላ ቀርቷል። አንድ ተማሪ «ይህ ኢሜይል ነው እንጂ ስልክ አይደለም» ብሎ ተከራከረ። ትክክል ነው፤ ስለዚህ ተቀራራቢ ጉዳይ ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ገባ።

ሦስተኛውን ያመጣችው ነርሷ ናት። በ1990 እ.ኤ.አ. ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት አልኮል የሰውን ትኩረት እንደሚያጠብብ የሚገልጽ ንድፈ ሐሳብ አሳትመዋል። የጠጣ ሰው ከፊቱ ያለው ስሜት ይጎላበታል፤ የነገው መዘዝ ይደበዝዝበታል። ናፍቆቱ እዚህ ነው፣ ኀፍረቱ ነገ ነው፤ ስለዚህ ይደውላል። ስለ መርሳትም ጻፈች። በጣም የጠጣ ሰው ቁጭ ብሎ እያወራ፣ ለሰሚው ጤነኛ እየመሰለ፣ አንጎሉ ግን የሚሆነውን በትውስታው ላያስቀምጥ ይችላል። ጠዋት ላይ «ረሳሁት» ይላል፤ እውነቱ ግን መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም። ከስልኩ ዝርዝር ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የ20 ደቂቃ ጥሪ አይቶ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ይህ አንቀጽ ሲነበብ ካፌው ውስጥ የሳቀ አልነበረም።

የጎንደሩ ክፍል ቀረ። እዚህ ላይ መምህሩ ያልጠበቅነውን አደረጉ። ተቃዋሚ ሆነው ሳለ ከሁሉም የሚጥም ሐሳብ ይዘው መጡ። «ሰው ጠጥቶ መልእክት ለመላክ ስልክ አልጠበቀም» አሉ። አዝማሪ ቤት የሚጠጣ ሰው አዝማሪውን «ተቀበል!» ይለዋል፤ ግጥሙን ይነግረዋል፤ አዝማሪው በማሲንቆ እያጀበ ለታሰበላት ሰው ያደርስለታል። ተናጋሪው የሚፈራውን በሰም ሸፍኖ በአዝማሪው አፍ ይናገራል። ጠዋት ቢጠየቅም «አዝማሪው ነው ያለው» ማለት ይችላል። ስልክ ይህን መሸሸጊያ አይሰጥም፤ ቁጥርህ ይቀመጣል።

ሁላችንም ወደድነው። ጽሑፉ ውስጥ ግን አልገባም። ስለ አዝማሪ የተጻፈ ጥናት አለ። ስለ ጠጥቶ መደወልም አለ። ሁለቱን አገናኝቶ «አንዱ የሌላው ቅድመ አያት ነው» ያለ ግን አላገኘንም። ያንን ያሉት ካፌ ውስጥ መምህሩ ናቸው። ሁለት የታወቁ ነገሮችን አጋጥሞ ሦስተኛ መደምደሚያ ማውጣት ለድርሰት ያምራል፤ ለኢንሳይክሎፒዲያ ግን አዲስ ሐሳብ ነው።

ልጁ በበኩሉ ከዶርም ጓደኞቹ ታሪክ ይሰበስብ ጀመረ። በቴሌግራም ጠየቃቸው፣ ብዙዎቹም ጻፉለት። የሚያስቅም የሚያሳዝንም አለበት። ይህም በውክፔዲያ አይጠቅምም፤ የራስ ጥናት ነው። ከዚያ የባሰው ሰዎቹ የሦስተኛ ወገን ስም ጭምር መጻፋቸው ነው። አስተባባሪዋ ስሞቹን እንዲያጠፋ፣ ፋይሉንም ለማንም እንዳይልክ ነገረችው። አደረገው።

ውሳኔው

ጽሑፉ ወጣ፤ በመጣበት ስም ግን አልወጣም። ርእሱ «ጠጥቶ ስልክ መደወል» ሆነ። «የሞቅታ ስልክ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ወደዚያው እንዲደርስ መጠቆሚያ ተደረገ። ቃሉ ራሱ ለመዝገበ ቃላቱ ተዘጋጀ። የጎንደሩ ክፍልና ምክሩ ከጽሑፉ ተነሱ። ምክሩን ማውጣት ብዙ አላከራከረም፤ ኢንሳይክሎፒዲያ ይናገራል እንጂ አይመክርም።

የቀረው አራት አጭር አንቀጽ ነው። ምን እንደሆነ፣ ሞባይል ለምን እንዳቀለለው፣ ጥናቱ ምን እንዳገኘ፣ አልኮል ምን እንደሚሠራ። ጥናቱ የተደረገው በአሜሪካ ተማሪዎች ላይ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። ይህን ነርሷ አጥብቃ ነው ያስገባችው፤ አንባቢ ስለ እኛ አገር የተጠና እንዳይመስለው።

የሠራውና ያልሠራው

ጥያቄውን መክፈሉ ሠርቷል። ከዚያ በፊት መምህሩ ስለ ቃሉ ሲናገሩ ልጁ ስለ ነገሩ ይመልስ ነበር፤ ሁለቱም ትክክል ሆነው አይገናኙም። ተቃዋሚዎቹን ሥራ ማስያዙም ሠርቷል። ነርሷ በተቃውሞዋ ብቻ ብትቀር ኖሮ ጽሑፉ ይሳሳ ነበር።

እጅ ማውጣቱ አልሠራም። «ሁሉም ያውቀዋል» ማለትም አልሠራም። ምንጭን በአማርኛ ብቻ መፈለጋችንም ጊዜ ወስዷል፤ አንዳንዶቻችን ለአማርኛ ጽሑፍ የአማርኛ ምንጭ የግድ ይመስለን ነበር። ደንቡ እንዲህ አይልም። ምንጩ ታማኝ ይሁን እንጂ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ይጠቀሳል።

ከሁሉም የከበደው የልጁ ነገር ነው። ከረቂቁ ነፍስ ያለው ክፍል ወጥቶ ደረቁ ቀረ። «እኛ ስለ እኛ መጻፍ አንችልም፤ ፈረንጅ ስለ ፈረንጅ የጻፈውን ግን እንችላለን» አለ። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ከስብሰባው ቀረ። ያለው ነገር ያማል፣ ምክንያቱም እውነትነት አለው። ደንቡ የተሠራው ጋዜጣውም ዩኒቨርሲቲውም ሁሉን ነገር በሚጽፍበት አገር ነው። ኑሮው በአፍ በሚያልፍበት አገር ላይ ሲጫን ይከብዳል። ጎንደር ላይ የሚታወቀው ሁሉ ወረቀት ላይ የለም።

ያም ሆኖ እኔ ደንቡ ይቆይ ከሚሉት ወገን ነኝ። ደንቡ ከተነሳ የሚገባው የልጁ ጥሩ ረቂቅ ብቻ አይደለም። ዛሬ ጠዋት አንዱ የፈጠረው ቃል፣ የጎረቤት ሐሜት፣ የአንድ መጠጥ ቤት ማስታወቂያ አብረው ይገባሉ። የሚጠብቅ ዓይን በሌለበት ትንሽ ውክፔዲያ ላይ ደግሞ የገባ አይወጣም። መፍትሔው ምንጩን መፍጠር ነው፤ የሚያጠና ያጥና፣ የሚያሳትም ያሳትም፣ ከዚያ ኢንሳይክሎፒዲያው ይጥቀስ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ቀርፋፋ ነው፣ አውቃለሁ።

ሌላ ቡድን ቢገጥመው

የአራዳ ቃል ርእስ ሆኖ ሲመጣ መጀመሪያ ቃሉንና ነገሩን ለዩ። ቃሉ አዲስ ሆኖ ነገሩ የቆየና የተጠና ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ነገሩን በገላጭ ርእስ ጻፉ፣ ቃሉን ወደ መዝገበ ቃላት ላኩ። ቃሉም ነገሩም ያልተጻፈባቸው ከሆኑ ቆዩ።

ርእሱ ያስቃል ወይም ያሳፍራል ተብሎ አይጣል፤ በዚያው ምክንያትም አይግባ። ስለ መጠጥ የሚጻፍ ከሆነ ሕክምና የሚያውቅ ሰው ያንብበው። የእውነተኛ ሰው ታሪክ ካለበት ከሁሉ በፊት እሱን አውጡ፤ ሌላው ክርክር ይቆያል።

ከረቂቅ ላይ የሚወጣውን ክፍል ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጣሉት። ጸሐፊው የት ሊወስደው እንደሚችል በዚያው ቀን ንገሩት። ቡድኑ ይህን ያደረገው ዘግይቶ ነው፤ ልጁ ከቀረ በኋላ።

አሁን ያለበት

ልጁ ተመልሷል። ያመጡት መምህሩ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ድረስ ሄደው አናገሩት። የጎንደሩን ክፍል ከአዝማሪው ሐሳብ ጋር አያይዞ ለመመረቂያ ጥናቱ ርእስ አስመዝግቧል። በዚህ ጊዜ ታሪክ የሚሰጡትን ሰዎች ፈቃድ እየጠየቀ፣ ስም ሳይመዘግብ ነው የሚሰበስበው። ጥናቱ ተገምግሞ በመጽሔት ከወጣ ጽሑፉ ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ቡድኑ ተስማምቷል። አንቀጹን የሚጽፈው ግን ልጁ ሳይሆን ሌላ አርታኢ ይሆናል፤ ሰው የራሱን ሥራ ራሱ መጥቀሱ ስለሚያጠያይቅ። መምህሩ «እኔ እጽፈዋለሁ» ብለዋል።